የትኛው ቁስቋም

እኔ የፈረሰ ቤት ነጋዴ ነኝ። ሰው ቤቱ ሲፈርስበት ያለቅሳል፣ እኔ ሜትር ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። በር፣ መስኮት፣ መቃን፣ ቆርቆሮ፣ ጣውላ፣ የመስኮት ብረት፣ ከተገኘም የተጠረበ ድንጋይ እገዛለሁ፤ አዲሱ ገበያ ባለችው አጥሬ ውስጥ ደርድሬ አዲስ ቤት ለሚሠራ እሸጣለሁ። ሥራው ልብ ያደነድናል ይሉኛል። ልብ አያደነድንም፣ የሚያበላሸው ዓይን ነው። አንድ ቤት ፊት ስቆም መጀመሪያ የሚታየኝ የቱ ሳይሰበር እንደሚነቀልና የቱ ሲነቀል እንደሚሰበር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳ ዓይኔ የሚያርፈው የበሩ ማጠፊያ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ጎንደር ሄጄ የነገሥታቱ ግንብ ፊት ስቆም ያሰብኩትን ብነግራችሁ አትታዘቡኝ። ቅስት ያለውን ትልቁን በር ከላይ እስከ ታች አየሁትና፣ «ይሄ ግድግዳው ካልፈረሰ በቀር ከነመቃኑ አይወጣም» አልኩ በልቤ። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ትዝ አለኝና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አስጎብኚው ደግፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ፤ ከፍታው ይሆናል አለ። እንጦጦ ሥር ተወልዶ ላደገ ሰው የጎንደር ከፍታ ምኑ ነው? ግን ሰውየው ደግ ሰው ነው፣ አልተከራከርኩትም።

የሄድኩት በባለቤቴ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት። አጽሟ የት እንደሚያርፍ ግን እስከዚያ ቀን አልተወሰነም ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

የሰፈራችን ሰው ያልሆነ ይሄን ማወቅ አለበት። ከእኛ ቤት በላይ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ቁስቋም ማርያም አለች። ቤተ ክርስቲያኗም ሰፈሩም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ የታክሲ ረዳቱም «ቁስቋም፣ ቁስቋም፣ አንድ ሰው!» እያለ ነው የሚጮኸው። ጎንደርም ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ቁስቋም አለች። የጎንደሯ ግን ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለችም፤ አንዲት እቴጌ ዙሪያውን በግንብ አጥራ ቤተ መንግሥቷን ጭምር ያሠራችበት ቦታ ነው። ሁለቱም ስማቸውን የወረሱት ግብፅ ካለው፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ካረፈችበት ቦታ ነው። ሦስት ቦታ፣ አንድ ስም። ነገሩ ንግድ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፍርድ ቤት ቆመው ነበር።

ባለቤቴ የተወለደችው በጎንደሯ ቁስቋም ግንብ ጥላ ሥር ነው። አባቷ የዚያ ፍርስራሽ ጠባቂ ነበሩ። ሥራቸው ፍየል እንዳይገባና ሰው ድንጋይ እየነቀለ ወስዶ ቤት እንዳይሠራበት መከልከል ነበር። ልጃቸው የፈረሰ ቤት ድንጋይ የሚሸጥ ሰው ልታገባ መሆኑን ሲሰሙ ምን እንዳሉ አልነገረችኝም። ብቻ ሰርጋችን ላይ እጄን ጨብጠው፣ «ከእኛ ጋ ምንም አትውሰድ፣ ከእሷ በቀር» አሉኝ። እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ባለቤቴ ስለ ከተማው ግንብ ማውራት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። የነገሥታቱን ታሪክ የምታወራው እንደ ቤተሰብ ሐሜት ነው። የመጀመሪያው ንጉሥ፣ ቀድሞ ነገሥታቱ ድንኳን እየተከሉ ከአገር አገር ሲዞሩ የኖሩትን ትቶ፣ በድንጋይና በኖራ ግንብ አሠርቶ ተቀመጠ። በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማ፣ በየማማው ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት። ልጁ ሲነግሥ አባቱ ቤት መግባቱን ትቶ እዚያው ግቢ ውስጥ የራሱን ሠራ። የልጅ ልጁም እንደዚያው፤ የእሱ ደግሞ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠ፣ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። ሌላው የዘፈን አዳራሽ ጨመረ፣ ሌላው የፈረስ ጋጣ፣ የአንበሳ ቤት...

«ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው፣ አንዱ በአንዱ ቤት የማይኖር?» እላታለሁ።

«አንተ አባትህ ቤት ነው የምትኖረው?»

የአባቴን ቤት አፍርሼ የሸጥኩት እኔው ነኝ። 

ይሄን ሁሉ ቤት አንድ የግንብ አጥር ከቦታል። አጥሩ አሥራ ሁለት በር አለው፤ ሁሉም በር ስም አለው። እኔ በር ስሸጥ ኖሬ ስም ያለው በር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር፣ እምቢልታ ነፊዎቹ እምቢልታ በር፣ ለሙታን መታሰቢያ የሚወጣበት ተዝካሮ በር... ሰሃን እያጠበች ትጠራቸዋለች። አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋታል፤ የሚጠፋት ደግሞ በየቀኑ ሌላ ነው። «አሥራ አንድ» እላታለሁ ከሳሎን። «ዝም በል፣ መጣልኝ!» ትላለች።

አንድ እሑድ እልህ ያዘኝና፣ እኛም እኮ ቤተ መንግሥት አለን ብዬ እንጦጦ ወሰድኳት። የጭቃውን ግድግዳ፣ በኖራ የተለሰነውን፣ የሣር ክዳኑን፣ የእንጨት ደረጃውን ዞራ አየች። አጎንብሳ ወለሉን አየች። ስትወጣ፣ «ንጹሕ ነው» አለችኝ። አጥሬ ገብተው ዋጋ ሳይጠይቁ የሚወጡ ሰዎች የሚሉት ቃል ነው።

ከሁሉም የምትወዳት ግን ያችን እቴጌ ነው። ባሏ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ከዚያ ሁሉ ግንብ መሀል ወጥታ፣ ለብቻዋ ኮረብታ መርጣ፣ የራሷን ቅጥር አጠረች፤ የራሷን አዳራሽ፣ የራሷን ቤተ ክርስቲያን ሠራች። «ባሏ ሲሞት ግንብ የሠራች ሴት» ትላታለች በኩራት፣ ጎረቤቷ እንደሆነች ሁሉ።

«እኔ ብሞት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ያንን አጥርህን አስጠርጌ አበባ እተክልበታለሁ።»

እኔ ነኝ የምሞተው ብለን ነበር የምንቀልደው። በዕድሜም እበልጣታለሁ፣ ደም ግፊትም ያለብኝ እኔ ነኝ። ሁለታችንም ያላሰብነው ሆነ።

በየዓመቱ እንሂድ ትላለች፤ በየዓመቱ እሺ እላለሁ። ቁስቋም የምትነግሠው ኅዳር ስድስት ነው፤ ኅዳር ደግሞ ዝናቡ አቁሞ ሰው ሁሉ ግንባታ የሚጀምርበት፣ የእኔ ገበያ የሚደራበት ነው። «ክረምት እንሂድ» እላለሁ። «ክረምት ማን ያነግሣል?» ትላለች። እንዲህ ስንባባል ሃያ ምናምን ኅዳር አለፈ። ሁለት ጊዜ ለብቻዋ ሄዳለች፤ አንዱ አባቷ ሲሞቱ፣ አንዱ እናቷ ሲሞቱ። በሌላው ጊዜ ነጠላዋን ለብሳ ወደ እኛው ቁስቋም ትወጣለች። በየወሩም በስድስት ትስማለች። ታክሲ አትይዝም፣ በእግሯ ነው የምትወጣው። እኔ ያኔ የገባኝ ቤተ ክርስቲያኗን እንደምትወድ ነው። በጎንደሯ ምትክ ይሆን የምትሄደው ብዬ አልጠረጠርኩም። ጠርጣራ መሆኔን ገበያው በሙሉ ይመሰክራል፤ እቤት ስገባ ግን ጥርጣሬዬን ከጫማዬ ጋር ደጅ አወልቀው ነበር።

ሕመሟ ከሆዷ ጀመረ። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ሐኪሙ ፊቷን ሳያይ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ከሆስፒታል ወጥታ እቤት የተኛችው አምስት ሳምንት ነው። አልጋዋን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አስጠግቼላት ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ሥራ አልሄድኩም። ብርቱካን እየላጥኩላት ነበር፤ አትበላውም፣ ሽታውን ስለምትወደው ነው። ወደ መስኮቱ እያየች፣

«ቁስቋም ውሰደኝ» አለችኝ።

ቃሉ ይሄው ነው። ሁለት ቃል።

አንድ ሰው አጥሬ መጥቶ «በር እፈልጋለሁ» ቢለኝ ዝም ብዬ በር አላሳየውም። የውጭ ነው የውስጥ? ወደ ግራ ነው የሚከፈት ወደ ቀኝ? መቃኑ አለህ ወይስ የለህም? ሳልጠይቅ አንድ በር አላነሳም፤ በስንት ዓመት ልፋት የተማርኩት ሙያ ይሄ ብቻ ነው። ለእሷ ግን የመለስኩላት፣

«ዝም በይ እስቲ! ስትድኚ አብረን እንሄዳለን» ብዬ ነው።

ፈራሁ፤ እውነቱ ይሄ ነው። «የትኛው?» ብዬ ብጠይቅ መሞቷን ያመንኩ መሰለኝ። እሷም ብርቱካኑን አሸተተችና፣ «እሺ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ልብሷን ልንቀይርላት ስንል አረፈች።

ለቅሶ ቤት ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ግቢው በአንድ ሰዓት ውስጥ የዕድሩ ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ መጣ። የዕድራችን ዳኛ፣ ወፍራም፣ ደግ፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነው፣ ትከሻዬን ይዞ፣

«የት ይሁን? የተናገረችው ነገር አለ?» አለኝ።

«ቁስቋም ብላለች።»

«እሰይ! እንኳን ሩቅ አላለች» አለና ሰው ጠርቶ ወደ ላይ ላከ።

እኔም ስልኬን አንሥቼ ጎንደር ለእህቷ ደወልኩ። እህቷ ታላቋ ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ያላገባች፣ ያባታቸው ቤት ውስጥ የምትኖር። እትዬ ነው የምላት፤ እንኳን እኔ የቀበሌው ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። ድምፄን ስትሰማ አወቀችው። ጮኸች። እኔም አለቀስኩ። በልቅሶ መሀል፣ «ነገ ቁስቋም ትቀበራለች» አልኳት። «ቁስቋም ብላለች?» አለችኝ። «አዎ፣ እሷው ናት ያለችው» አልኳት። «እግዜር ይስጥህ፣ የእናት ልጅ! እግዜር ይስጥህ!» እያለች መረቀችኝ። ለምን ይሄን ያህል እንደምትመርቀኝ አልገባኝም። ከዚያ የዕድሩ ሰዎች ሐዘንተኛ ስልክ አያነሳም ብለው ስልኬን ወሰዱት።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ላይ ወጣን፣ ቀበርን፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ተመለስን። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬን የያዘልኝ ሰው፣ «ጎንደር ናቸው፣ አሥር ጊዜ ደውለዋል» ብሎ ሰጠኝ።

«የት ደረሳችሁ?» አለች እትዬ። ድምፅዋ የቸኮለ ሰው ድምፅ ነው። ነፋስና የሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«ደርሰን ተመለስን እኮ እትዬ። ቀብረን መግባታችን ነው።»



«የት ቀበራችኋት?»

«ቁስቋም።»

«ቁስቋም ያለሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ነፋሱ ይሰማኛል። አንድ ሰው ከኋላዋ፣ «መጡ ወይ? ካህናቱ ፀሐይ ላይ ናቸው» ይላል።

በኋላ ጠይቄ እንደደረስኩበት፣ ጠዋት ስትደውል ስልኬን ያነሳው የዕድር ሰው፣ «ቁስቋም ነው አይደል?» ብትለው፣ «አዎ እናቴ፣ ቁስቋም ነው፤ ይኸው ሊወጡ ነው» ብሏታል። ምን ያድርግ? ልክ ነው የነገራት፤ እሷ ግን ጎንደር ገብተው ወደ ኮረብታው ሊወጡ ነው ብላ ሰማችው። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነድቶ የሚመጣ አስከሬን በየት በኩል እንደሚገባ ለማየት ሰው መንገድ ላይ አቁማ ነበር።

«እግዜር ያጽናህ» ብላ ዘጋችው። ለአርባዋም አልመጣችም፣ ለሙት ዓመቷም አልመጣችም። በዓል በዓል እደውላለሁ፤ «ደኅና ነኝ፣ አንተስ?» ትላለች። አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ባነሳችው ይሻለኝ ነበር። የሚጮህ ደንበኛ አያስፈራም፣ ዕቃውን አይቶ ዝም ብሎ የሚወጣው ነው የሚያስፈራው።

በዚህ ዓመት የእኛዋ ቁስቋም በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቦታ ስለጠበበ ሰባት ዓመት የሞላቸው መቃብሮች ይነሣሉ፤ ቤተሰብ ቀርቦ አጽም ያንሣ ይላል። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወደ አጥሬ ተመልሼ ዕቃ ቤት ገባሁና ለእትዬ ደወልኩ።

«እሺ፣ ምን አሰብክ?» አለች።

«እርስዎን ልጠይቅ ነው።»

«በስልክ አልመልስልህም። በስልክ የሆነውን አይተኸዋል። ና።»

ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሬሳ የጫነ መኪና ማንም ሳያስቆመው ይደርስ ነበር። አሁን መንገዱ እንደዚያ አይደለም፤ በአውሮፕላን ሄድኩ። ፖስታ እንደሚያደርስ ሰው ጉዞዬ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ሃያ ምናምን ዓመት የተለመንኩት መንገድ አንድ ሰዓት ኖሯል።

እትዬ እስከ ከሰዓት የሰንበቴ ጉዳይ ስለነበረባት መጀመሪያ የገባሁት የከተማው ግንብ ነው። አስጎብኚው ድንጋይ ላይ ካስቀመጠኝ በኋላ አብረን ዞርን። እሱ ሳይናገር እኔ እናገራለሁ፦ ይሄ የአባትየው፣ ያ የልጁ፣ ያ ኮርቻው፣ ጣሪያውን የመሬት መንቀጥቀጥና በጦርነት ጊዜ የወደቀ ቦምብ ጎድቶታል። «ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ?» አለኝ። «እኔ አልመጣሁም» አልኩት።

አንድ ነገር ግን ተሳስታለች። ግንቡ ቀይ ነው ትለኝ ነበር። ቀይ አይደለም። ጠቆር ያለ ቡናማ ድንጋይ ነው፤ ቀዩ የአንዳንዱ በርና መስኮት ቅስት ብቻ ነው። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅበት አይታው ይሆናል፣ ወይም ልጅ ሳለች እንደዚያ ተቀርጾባት ይሆናል። ደስ አለኝ፣ ስትሳሳት እምብዛም አላገኛትምና። «አየሽ፣ ቀይ አይደለም» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰውየው፣ «ምን አሉኝ?» ብሎ ዞረ። የማበሽቃት ሰው አጠገቤ እንደሌለች ያኔ ገባኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ እዚያ ገባኝ።

ከሰዓት እትዬ ቁስቋም በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አርጅታለች፤ ግን እንደ በፊቱ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፣ ክፍል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ጉንጬን ሳመችና ሻንጣዬን አየችው።

«በአውሮፕላን መጣህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ለራስህ ስትሆን ቸኮልክ።»

የሚገባኝን ነው ያለችኝ። ተከተልኳት።

ቦታው ባለቤቴ እንደነገረችኝ ነው። ወፍራም የግንብ አጥር፣ ከድንጋይና ከኖራ፣ እዚህም እዚያም የተናደ፣ በየማዕዘኑ ማማ። ውስጡ ባለ ፎቅ አዳራሽ፣ ጣሪያ የሌለው፤ መስኮቶቹ ሰማይ ያሳያሉ። ደርቡሾች ሲገቡ አቃጥለውታል ይባላል። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። እነዚህ ቀይ ናቸው! ባለቤቴ ያደባለቀችው እነዚህን ነው፤ የራሷን ግንብ ቀለም ለከተማው ግንብ ሰጥታዋለች። ስለ ንጉሡ ቤት ስታወራም የምታየው እዚህኛውን ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ታድሶ ተሠርቷል፤ እዚያው የእቴጌይቱ፣ የልጇና የልጅ ልጇ አጽም በአንድ ሣጥን ውስጥ በመስታወት ይታያል። ግንቡ ፈርሶም አጽማቸው አልተለያየም።

እትዬ ከአጥሩ ውጭ ይዛኝ ወጣች። አንድ ወይራ ሥር ቆመች። መሬቱ ላይ ሣር በቅሎበታል፤ ምንም ምልክት የለውም።

«እዚህ ነበር» አለችኝ። «ከአባባ እግር በታች። አራት ሰው ነው የቆፈረው። ድንጋይ ነው መሬቱ፣ ከጠዋት እስከ አምስት ሰዓት ፈጅቶባቸዋል።»

«እትዬ...»

«ቆይ። አንተ ስትነግረኝ ካህናቱ እዚያ ጋ ቆመዋል፣ ሰፈርተኛው እዚህ። ቆፋሪዎቹ፣ 'እትዬ ምን እናድርገው?' አሉኝ። ባዶውን ድፈኑት ማለት አቃተኝ። ነጠላዬን አወለቅኩና ሰጠኋቸው። ካህናቱም ፍትሐቱን አደረሱ። አስተማሪ ነኝ፣ ለነጠላ ፍትሐት እንደማይደረግ አውቃለሁ። እነሱም ያውቃሉ። ብቻ አደረሱ።»

 ጎንበስ ብዬ ሣሩን በእጄ ዳሰስኩት።

«አሁን ቃሏን ንገረኝ» አለችኝ። «አንተ ያልከውን አይደለም፣ እሷ ያለችውን። ሳትጨምር ሳትቀንስ።»

«'ቁስቋም ውሰደኝ'።»

«ቅበረኝ አላለችም?»

«አላለችም።»

«ብሞት፣ ምናምን...?»

«ምንም አላለችም። ይሄንኑ ብቻ።»

እትዬ የተናደው አጥር ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። 

«ያኔ መቆም ትችል ነበር?»

«በድጋፍ።»

«መኪና ላይ መቀመጥ?»

 ትችል ነበር። ትራስ ደግፌላት፣ ቀስ እያልን፣ ደብረ ማርቆስ አድረን፣ ባሕር ዳር አድረን። መኪናውም ነበረኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ራሴን ስከስ የኖርኩት የት ቀበርኳት ብዬ ነው። ከመሞቷ በፊት ልታየው ፈልጋ ሊሆን ይችላል የሚለው አንድም ቀን አልመጣልኝም። ወይም የእኛውን ቁስቋም፣ በእግሯ የምትወጣውን፣ በማግስቱ ታክሲ ይዘን ደርሰን የምንመለስበትን፣ ያን ብቻ ይሆናል። እዚህ መቀበርም፣ እዚህ መምጣትም፣ እዚያ መውጣትም፣ ሦስቱም ልክ ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም እችለው ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ እህቷ ነዎት» አልኳት። «የትኛውን ነው ያለችው?»

ቀና ብላ አየችኝ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። እንደዚያ ባዘነ ዓይን ሰው አይቶኝ አያውቅም።

«እኔን መቼ ነገረችኝ? የነገረችው አንተን ነው።»

ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። ወደ በሩ ስንመለስ ሳትዞር፣ «መንገዱ ሲከፈት አምጣት» አለችኝ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ብጠብቃት ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቃት እንደማይኖር አውቃለሁ። አንተም እዚያ ብቻህን ትቀራለህ። ቢሆንም አምጣት።»

አዲስ አበባ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ወደ ላይ ወጣሁ፣ በእግሬ። ግማሽ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጭ አልኩ፤ እሷ ቁጭ ስትል አይቼ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዋ ፎርም ሰጠችኝ። ስም፣ ክርስትና ስም፣ ያረፈችበት ቀን። «የሚዛወርበት ቦታ» የሚለው ላይ ቁስቋም ብዬ ጻፍኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ያለችበት ነው። የምትሄድበትን ነው የሚጠይቀው።»

«የምትሄድበት ነው።»

«ከቁስቋም ወደ ቁስቋም?» ሳቋ መጣና አፏን ያዘች። «ይቅርታ ጋሼ፣ የትኛው ቁስቋም?»

ሁለት ሴኮንድ አልፈጀባትም። ልጅቷ እኔን አታውቀኝም፣ ባለቤቴን አታውቃትም፤ ሥራዋ ነውና ጠየቀች።

«የጎንደሩ» አልኳት።

ጻፈችው። የቀረው «ምክንያት» የሚለው መስመር ነው። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ከኋላዬ ሰው ቆሟል። በመጨረሻ፣ «በሕይወት ሳለች ስላልጠየቅኋት» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ጋሼ፣ በዚህ አስተዳዳሪው አይፈርሙም።»

«ሌላ የለኝም።»

ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበችው። የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰርዛ በላዩ ላይ በራሷ እጅ «በቤተሰብ ጥያቄ» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄው መቼ እንደተጠየቀ የሚሞላበት ቦታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ፈረምኩ።